አዳራሹ ውስጥ የገባው ዋሽንት

በሽምግልና ወግ ከሚነገሩት ቃላት ሁሉ የሚከብደው «እስቲ ዞር በሉልን» የሚለው ነው። ሽማግሌዎች ይህን ሲሉ አንደኛው ወገን ተነሥቶ ድምፅ ወደማይደርስበት ይሄዳል፤ የቀረው ደግሞ በባላጋራው ፊት የማይለውን ይናገራል። የተነገረው በሽማግሌዎቹ ሆድ ይቀራል። ዞር ያለ ሰው ተመልሶ በመስኮት አያዳምጥም፤ የቀረውም ይሰሙኛል ብሎ ቃሉን አይመጥንም። እርቅ የሚባለው ነገር ሁሉ የቆመው በዚህች መተማመን ላይ ነው። ይህችን መተማመን አኒስ የሚባል፣ በኔትወርክ ሙያ የተመረቀ የባሕር ዳር ልጅ በገዛ እኅቱ ላይ አፈረሳት። በክፋት አይደለም። ክፋት ቢሆን ኖሮ ለመናገርም ይቀል ነበር።

አኒስ የሚሠራው ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል ነው። ሆቴሉ ሁለት ሕንፃ አለው። አሮጌው ከውኃው አጠገብ ነው፤ ባሩና የአትክልቱ ቦታ ከዚያ ናቸው። አዲሱ በመንገዱ በኩል ቆሟል፤ ከላይ መኝታ ክፍሎች፣ ከሥር አዳራሽ አለው። የሩቅ እንግዳ ከቀረ ወዲህ ሆቴሉ የሚኖረው በሠርግ፣ በስብሰባና በሽምግልና ነው። ቀድሞ ዛፍ ሥር ይቀመጥ የነበረ ሽማግሌ ዛሬ የታሸገ ውኃ ተደርድሮለት ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ይህ በራሱ ነውር የለበትም።

የአኒስ ታላቅ እኅት ሰሚሐ ወረታ ላይ ሩዝ የሚነግድ ሰላህ የሚባል ሰው አግብታ ነበር። ዓመታት አለፉ፤ ልጅ አልመጣም። የሰላህ ቤተ ዘመድ ጥፋቱን ከእሷ ላይ ጣለው። የሰላህ እኅት ተቅዋ «መካን» የምትለውን ቃል ፊት ለፊት አትናገራትም፤ ግን ሰሚሐ ሳትሰማት የዋለችበት ቀን አልነበረም። በመጨረሻ ለሰላህ ሁለተኛ ሚስት ትሁነው ብለው ከይፋግ አንዲት ልጅ አጩለት። እሱም እምቢ አላለም። ሰሚሐ ልብሷን በሻንጣ አድርጋ ሚኒባስ ተሳፈረች፤ ሐሙሲት ላይ መኪናው ሲቆም ሻይ እንኳ አልወረደላትም። ባሕር ዳር ስትደርስ ፋሲሎ ክፍለ ከተማ ወንድሟ ቤት ገባች። ለምን መጣሽ ለሚላት ሁሉ «ደከመኝ» ብቻ ትል ነበር።

ሁለቱም ወገን ሽማግሌ መረጠ። ሰብሳቢው ሐጂ ሙሔ ሆኑ፤ ወረታም ባሕር ዳርም ነግደው ያረጁ፣ በሁለቱም ቤት የሚከበሩ፣ ጆሯቸው ግን የደከመ ሰው ናቸው። ከሰሚሐ በኩል የአባቷ የቀድሞ ጎረቤት፣ ጡረተኛው መምህር አቶ ወልደ ጻድቅ ተቀመጡ። የት እንገናኝ ሲባል አኒስ ቀድሞ «እኛ ሆቴል» አለ። የአዳራሹ ጠረጴዛ በየሰዉ ፊት ማይክ አለው፣ ከጣሪያው ላይ ድምፅ ማጉያ ተተክሏል፣ ሐጂ እንደ ልባቸው ይሰማሉ ብሎ አስረዳ። ዕቃውን የተከለው እሱ አልነበረም፤ ሲያወራው ግን እሱ የተከለው ይመስል ነበር።

ሽምግልናው በሚውልበት ቀን ጠዋት የአሮጌው ሕንፃ ስዊች ተቃጥሎ ተገኘ። መብራት ሲሄድ ሲመጣ ያደረው ዕቃ ነው። ስዊች ማለት ገመዶቹ ሁሉ የሚገናኙበት፣ የመጣለትን መረጃ ወደየባለቤቱ የሚያከፋፍል ሣጥን ነው። አኒስ አዲስ አውጥቶ ተከለ። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ፣ ሥራው እንዴት እንደሆነ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል።

በሁለቱ ሕንፃዎች መካከል የተዘረጋው ገመድ አንድ ብቻ ነው። የእንግዳው ኢንተርኔት፣ የጥበቃ ካሜራው፣ ስልኩ፣ ሁሉም በዚያው በአንዱ ያልፋሉ። እንዳይቀላቀሉ እያንዳንዱ ወገን የራሱ ቁጥር አለው፤ ባለሙያዎቹ ይህን መለያየት ቪላን ይሉታል። መረጃው ወደ ጋራው ገመድ ሲወጣ ስዊቹ የወገኑን ቁጥር ይለጥፍበታል። ማዶ ያለው ስዊች ቁጥሩን አንብቦ ወደ ወገኑ ይመራዋል፤ ከባለቤቱ በር ሲያደርሰው ምልክቱን ልጦ ያስረክበዋል። ካሜራውም ስልኩም ምልክት ተለጥፎባቸው እንደነበር አያውቁም። ከዚህ ሥርዓት ውጭ የሚያልፈው አንድ ወገን ብቻ ነው፤ ምልክት ሳይለጠፍበት የሚሄደው። ስለ እሱ ሁለቱ ስዊቾች አስቀድመው መስማማት አለባቸው፤ «ምልክት የሌለው የእገሌ ነው» ብለው። ስምምነቱ በሁለቱም ጫፍ አንድ ካልሆነ፣ ከወዲህ የአንዱ ሆኖ የወጣው ከወዲያ የሌላው ሆኖ ይገባል። የሚያግደው የለም፤ ሊታገድበት የሚችለው ምልክት የለውማ።

በአዲሱ ሕንፃ፣ ከአኒስ በፊት የሠራው ሰው ያለ ምልክት እንዲያልፍ የተወው የአዳራሹን ድምፅ ነበር። ለምን እንደዚያ እንዳደረገ እሱ ያውቃል። አኒስ ግን ያንን ከፍቶ ማየት ይችል ነበር፤ አላየም። ሥራ አስኪያጇ ቁርስ የሚበላው እንግዳ ያለ ሙዚቃ ተቀምጧል እያለች ደጋግማ ትደውልለት ነበር። ስለዚህ ለጊዜው ብሎ የአዲሱን ስዊች ቀዳዳዎች በሙሉ፣ ወደ አዲሱ ሕንፃ የሚሄደውን ጭምር፣ ያለ ምልክት ለአትክልቱ ቦታ ድምፅ ሰጣቸው። ሙዚቃው ተሰማ። ከዚያ በጋራው ገመድ ላይ የካሜራውን፣ የስልኩንና የኢንተርኔቱን ቁጥር ጨመረ። ካሜራው አየ፣ ስልኩ ጮኸ፣ ኢንተርኔቱ መጣ። ለጊዜው የተባለው ግን እንደተቀመጠ ቀረ። «ሠራ» አለና የስዊቹን ካቢኔት ቆለፈው።

«ሠራ» የምትለው ቃል በዚህ አገር ስንት ነገር እንዳፈረሰች የሚጠይቅ የለም። አንድ ነገር መሥራቱን ማየትና ለምን እንደሠራ ማወቅ የተለያዩ ናቸው፤ ይህን የማያውቅ ያልተማረ ሰው ይማርበታል፣ የተማረው ግን በምን ይመከራል? አኒስ ተምሯል። በፈተና ቢጠየቅ ሙሉ ነጥብ የሚያገኝበትን ነገር ነው ሳይመለከት ያለፈው።

አንድ ነገር ልጨምር። የአዳራሹም የአትክልቱም ድምፅ ማጉያዎች ከአንድ ፋብሪካ የመጡ፣ በአንድ አድራሻ የሚጠሩ ነበሩ። ማይክ ሲበራ ሙዚቃውን አስቁመው ንግግሩን እንዲያሰሙ ተደርገው ተሠርተዋል። በመካከላቸው የነበረው ግድግዳ ያ ቁጥር ብቻ ነው።

ከዙሁር ሰላት በኋላ ሽማግሌዎቹ አዳራሹ ገቡ። ከጣሪያው ቀስ ያለ ዋሽንት ይወርድ ነበር። አኒስ በሩ ላይ ቆሞ ሰማው። አዳራሹ ውስጥ ሙዚቃ የሚያጫውት ዕቃ እንደሌለ ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ዋሽንቱ ባሩ ውስጥ ያለው አጫዋች የሚያጫውተው፣ ለአትክልቱ ቦታ ብቻ የሚሄደው ነበር። ገና ምንጩን እያሰላ ሳለ አቶ ወልደ ጻድቅ ወደ እሱ ዞሩ።

«አኒስ፣ ይኸን ዋሽንት ያደረግህልን አንተ ነህ? እንዴት ያለ አሳብ ነው ልጄ። የተቆጣ ልብ ያበርዳል። ተባረክ።»

ሌሎቹ ሽማግሌዎች ቀና ብለው አዳመጡ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። የሰላህ አጎት እንኳ «ደግ ነው» አለ። ሰሚሐ ወንድሟን አየችውና ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። አኒስ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።

«ምን አደረግሁ ጋሼ።»

በዚህ አነጋገር ሰው ትሕትናውንም ምስጋናውንም በአንድ ጊዜ ወደ ኪሱ ይከታል። እውነቱን ነበር የተናገረው፤ ምንም አላደረገም። ግን እንደ እውነት አልተናገረውም፣ እንደ እውነትም አልተሰማለትም። «ይኸ ድምፅ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ሳላየው አትጀምሩ» ቢል ምን ይሆን ነበር? ጥቂት ያፍር ነበር። መሰላል ይዞ በሽማግሌ መካከል ይመላለስ ነበር። ይሉኝታ የሚሉት አንቆ የሚይዝ ነገር ይህ ነው፤ ለትንሽ እፍረት ተሰስቶ ትልቁን መግዛት። ስብሰባው ሲያልቅ አየዋለሁ አለ በልቡ።

ሐጂ ሙሔ ዱዓ አድርገው ጀመሩ። ሰላህ ጎኑ ከተቀመጠችው ከተቅዋና ከአጎቱ ጋር ሆኖ ቅሬታውን ተናገረ፤ ወንድ ልጅ ስለሆነ ድምፁ ይሰማል፣ ማይክ አላስፈለገም። ሚስቴ ሳልበድላት ቤቴን ጥላ ሄደች አለ። ሃይማኖቱ የፈቀደውን እንጂ ሌላ አላሰብሁም አለ። ይህን ሲል ሰሚሐን አላያትም። ከዚያ ሐጂ እስቲ የሰላህ ወገኖች ዞር በሉልን አሉ። ሦስቱም ተነሥተው ወጡ፤ አስተናጋጁ ቴዎ አትክልቱ ቦታ ውስጥ ዋርካው ሥር ወንበር ስቦ ለስላሳ አቀረበላቸው።

ሰሚሐ መናገር ስትጀምር ድምፅዋ ከአጠገቧ አላልፍ አለ።

«ልጄ፣ አይሰማኝም» አሉ ሐጂ።

ደገመችው። አሁንም አልሰሙም። አኒስ ተጠራ፤ መጥቶ ከፊቷ ያለውን ማይክ አበራላት። ቀዩ መብራት በራ። በዚያው ቅጽበት ዋሽንቱ ከጣሪያው ተቋረጠ። ይህንንም ሰማ። የራሷ ወንድም ሆኖ ምሥጢሯን መስማት አይገባውምና በሩን በቀስታ ዘግቶ ወጣ፤ ለሐጂ ስኳር የሌለው ሻይ ሊያሠራ ወደ ባሩ አመራ። መንገድ ላይ ካፊቴሪያው ውስጥ አንድ የሒሳብ ክፍል ሰው ስለ ኢንተርኔቱ ፍጥነት አነጋገረው፤ ቆመው ጥቂት አወሩ።

ሰሚሐ ለሽማግሌዎቹ የነገረቻቸው ይህ ነበር። ሁለቱም ሐኪም ዘንድ ሄደው ተመርምረዋል። የሐኪሙ ቃል ጉዳቱ ከሰላህ በኩል መሆኑን ነው የሚለው። ሰላህ ያን ቀን ለማንም እንዳትነግሪ ብሎ ለመናት፤ እሷም ቃል ሰጠችው። ከእኔ ነው በል፣ እችለዋለሁ አለችው። ቻለችውም። አሁን የመጣችው ለራሷ አይደለም። ያቺ የይፋግ ልጅ ነገ እንደ እሷ መካን ትባላለች፤ ሰላህም የሁለት ሴት ስም አጥፍቶ ይኖራል። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ምክንያቱን ሳይነግሩት ጋብቻውን እንዲያስተዉት ለመነቻቸው። የነገርኋችሁን እንዳያውቅ አለች። ሰው ክፉ ነው እንዳትሉት አለች። ሌሊት ሲያለቅስ ራሱን የምይዘው እኔ ነኝ አለች።

ይህ ሁሉ ከዋርካው ላይ ወረደ።

በኋላ ቴዎ እንደተናገረው፣ ዋሽንቱ ድንገት ቆመና የሴት ድምፅ መጣ። ሦስቱ የሰላህ ሰዎች ወዲያው አወቋት። በአትክልቱ ቦታ ሌላም ሰው ነበር፤ የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ጓደኛቸውን እየሸኙ፣ ከጀልባ የወረዱ ሁለት ቤተሰቦችም ዓሣ እየጠበቁ። ቴዎ ወደ ባሩ ሮጦ የአጫዋቹን ድምፅ ቀነሰ፤ ምንም አልተለወጠም፤ ድምፁ ከባሩ አልነበረማ። ከዚያ በኋላ እሱም የሚያደርገው ጠፍቶት ቆመ። ሌላው ግን ማንም አልተነሣም። አዳራሹ ሩቅ አይደለም፤ በሩን ማንኳኳት ይቻል ነበር። ሹካቸውን አስቀምጠው አዳመጡ። አንዲት ሴት እያለቀሰች የባሏን ገመና ስትሸፍን እየሰሙ፣ መሸፈኗን እየሰሙ፣ እስከ መጨረሻው ሰሟት። ለእነዚህ ሰዎች ምን ዓይነት ስም እንደሚሰጥ አላውቅም። ከአኒስ ያነሰ ማፈር አይገባቸውም ነበር፤ አንዳቸውም ግን አላፈሩም።

አኒስ ወደ ባሩ ሲታጠፍ እኅቱ ከዛፍ ላይ ስትናገር ሰማ። «ሌሊት ሲያለቅስ» የሚለው ላይ ነበር የደረሰው። እግሩ ቆመ። ከዚያ ዋሽንቱ ገባው፣ ካቢኔቱ ገባው፣ «ምን አደረግሁ ጋሼ» ያለው ገባው፤ ሁሉም በአንድ ላይ። ሮጦ የጋራውን ገመድ ነቀለ። ካሜራውም ስልኩም ኢንተርኔቱም አብረው ሞቱ። ጸጥ አለ።

ሰላህ ውኃው ዳር ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ ነበር። ተቅዋ ግን አኒስን ጠበቀችው። እሱ ሲወጣ አልጮኸችበትም፤ ለሚሰማው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ በቀስታ ነው የተናገረችው።

«ሽቦው የወንድም፣ ምላሱ የእኅት። ተሰናድታችሁ ነው የጠበቃችሁን።»

ሰሚሐ ቃሏን ጨርሳ ወጣች። የሆነውን ማንም አልነገራትም። የሰዉን ፊት አየች፣ የባሏን ጀርባ አየች፣ ከዚያ ዋርካው ላይ የተሰቀለውን ድምፅ ማጉያ አየች። የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ ያዘችና እንደዚያው ቆመች።

በሳምንቱ ከተማው ወሬውን ጨረሰው። ብዙው «እውነት ወጣች፣ አላህ ፈረደላት» ይል ነበር። ይህን የሚሉ ሰዎች ፍርድ መስሏቸው ነው። ሰሚሐ እውነቷን ታወጣ ዘንድ ስንት ዓመት ሙሉ በሩ ክፍት ነበር፤ ላለማውጣት መረጠች። ያ ምርጫ ከንብረቷ ሁሉ የበለጠ ንብረቷ ነበር። ከሰው ቤት የተሰረቀ ወርቅ አደባባይ ላይ ስላበራ ለባለቤቱ ክብር አይሆነውም። ወረታ ላይ ደግሞ ወሬው ሌላ ነበር፤ ሴትዮዋ ባሏን ልታዋርድ ከወንድሟ ጋር ሸረበች የሚል። ሰላህም ይህን አምኗል ተባለ። ለዓመታት የጠበቀችለትን ቃል እንዳፈረሰች፣ ያውም አውቃ እንዳፈረሰች አምኗል።

ለአኒስ ግን ሁሉም መውጫ ከፈተለት። ሥራ አስኪያጇ መብራት ነው በል አለችው። ሐጂ ሙሔ መልእክት ልከው የአላህ ቀደር ነው፣ ማሽን ነው፣ ልጁ አይጨነቅ አሉ። ሰሚሐ ብቻ አንድ ቀን ምሳ ሲበሉ ጠየቀችው።

«ወንድማለም፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ታውቅ ነበር?»

«ወላሂ አላወቅሁም።»

አትክልቱ ቦታ መሰማቱን አላወቀም፤ እውነት ነው። የአዳራሹና የሌላ ቦታ ድምፅ መቀላቀሉን ግን በገዛ ጆሮው ሰምቶ፣ ተመርቆበት፣ ጎንበስ ብሎበት ነበር። የመሐላውን ግማሽ እውነት ለእኅቱ ሰጥቶ ሌላውን ግማሽ ለራሱ አስቀረ። እሷ አመነችው። እንጀራውን ቆርሳ ወጡን ወደ እሱ ገፋችለት። ያን ጉርሻ እንዴት እንደዋጠው እሱ ነው የሚያውቀው።

ሽማግሌዎቹ ዳግመኛ ሲቀመጡ ሆቴል የሚል አልነበረም። ሐጂ ሙሔ ቤት፣ ፍራሽ በተነጠፈበት ሳሎን፣ በሩ ወደ ግቢው ተከፍቶ። ግቢው ውስጥ የሐጂ ልጆችና የጎረቤት ሴቶች ከሠርግ የተመለሰ ዕቃ እያጠቡ ነበር፤ ድስትና ትሪው በየዓይነቱ ተደርድሯል። ሰላህ መጣ፤ ከስቷል። አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው አለ። መሸረቧን ወይም አለመሸረቧን ማወቅ።

ተቅዋ በቃል አልረካ አለች። «ትማል። ለራሷም ለወንድሟም ትማል።»

ሰሚሐ ተነሣች። «እምላለሁ። እኔም አላወቅሁም፤ ወንድሜም አላወቀም።»

ሐጂ ቁርኣኑን ከመደርደሪያው እንዲያወርዱ አዘዙ። ሰሚሐ ውዱእ ልታደርግ ወደ በረንዳው ወጣች። ውኃው ከማንቆርቆሪያው በእጇ ላይ ሲወርድ ሳሎን ውስጥ ይሰማል። አኒስ ማሰብ የነበረበት አንድ ነገር ብቻ ነው። እኅቱ በጠበቀችው ቃል ስሟ ጠፋ፤ አሁን ደግሞ እሱን አምና በሐሰት ልትምል ነው፤ ሐሰቱም የእሱ ነው፣ አንደበቱ ግን የእሷ።

«አትማዪ» አለ።

ሰሚሐ እጇ እንደራሰ በሩ ላይ ቆመች። ተቅዋ «አላልኋችሁም?» ብላ ወደ ወንድሟ ዞረች።

አኒስ እኅቱ ምንም እንደማታውቅ ተናገረ። ጥፋቱ የእሱ እንደሆነ ተናገረ። ስዊች፣ ቪላን፣ ታግ እያለ ሊያስረዳ ሞከረ፤ የሰላህ አጎት በነዚህ ቃላት ልትሸፍንብን ነው አለው። የአኒስ ዓይን ወደ ግቢው ዕቃ ሄደ። እናታቸው ዘይነት ለድግስ ዕቃ ስታውስ በየድስቱ ክዳን ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ትቀባ ነበር።

«ለድግስ የተዋጣ ዕቃ» አለ። «ሁሉም የየራሱን ምልክት አድርጎ ይልካል። ድግሱ ቤት ሲደርስ ይቀላቀላል፤ ሲመለስ ግን በምልክቱ ወደየቤቱ ይሄዳል። ምልክት የሌለው ዕቃ ቢኖር የማን እንደሆነ ላኪዋም ተቀባይዋም መስማማት አለባቸው። በዚያ ማዶ ያለ ምልክት የሚላከው የአዳራሹ ድምፅ ነበር። በእኔ በኩል ምልክት የሌለውን ሁሉ የአትክልቱ ነው ብዬ አስቀመጥሁት። ማዶ ያለችውን አልጠየቅሁም።»

ሽማግሌዎቹ ገና ሲያስቡ፣ ነገሩ አስቀድሞ የገባት ተቅዋ ነበረች። ስንት ድግስ አስተናግዳለች።

«ምልክት የሌለው ትሪ ሲመጣልህ የማን ነው ብለህ ሳትጠይቅ ከቤትህ አስገባኸው ማለት ነው?»

«አዎ።»

«እሺ። ይኸ መዘንጋት ነው። እኅትህ ግን ለምን አትማልልህም?»

አኒስ የሚፈራው ጥያቄ መጣ። ዋሽንቱን ተናገረ፤ ወደ ፍራሹ እያየ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው።

ሐጂ ሙሔ እጃቸውን ከጆሯቸው ጀርባ አደረጉ። «ልጄ፣ አይሰማኝም።»

ደገመው።

«አይሰማኝም አልሁህ።»

ማይክ የለም። አኒስ ብድግ አለ፤ ጮኸ።

«ዋሽንቱን ሰማሁት ሐጂ! ከአዳራሹ እንዳልሆነ አወቅሁ። ድምፁ ተቀላቅሎ እንደመጣ አወቅሁ። ጋሼ ወልደ ጻድቅ ሲያመሰግኑኝ ማፈር ስላልፈለግሁ ዝም አልሁ። ማይኩን ያበራሁላትም እኔ ነኝ፤ ዋሽንቱ ሲቋረጥም ሰምቻለሁ። ሻይ ላሠራ ሄድሁ። እኅቴ ስትጠይቀኝም አላወቅሁም ብዬ ማልሁላት!»

ግቢው ውስጥ የትሪው ኳኳታ ቆመ። አቶ ወልደ ጻድቅ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ያመሰገንሁህ እኔ ነኝ» አሉ።

«አዎ ጋሼ።»

«ምን አደረግሁ አልኸኝ።»

«አዎ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሲጠርጉ ቆዩ፤ መልሰው ግን አላደረጉትም። ሐጂ አሁንም እጃቸው ጆሯቸው ላይ ነበር። «ስለ ማይኩ ያልኸውን ድገመው» አሉ። አኒስ ሊጮህ አፉን ከፈተ።

«በቃ» አለ ሰላህ። ከገባ ወዲህ ቀና ሲል የመጀመሪያው ነው። «ሰምተናል። ድምፅህን ዝቅ አድርግ።»

ከሁሉ የከበደው ይህ ነበር። በከተማው ፊት የተራቆተው ሰው፣ አራቋቹ በጎረቤት ፊት ሲራቆት ማየት አልቻለም። አኒስ ተሰድቦ ቢሆን ይቆም ነበር፤ አሁን ግን ተቀመጠ።

ሰላህ ወደ እኅቱ ዞረ። ከዛፉ ላይ የሰማሽው ሁሉ እውነት ነው አላት። ለይፋጓ ልጅ ቃሏ ዛሬውኑ ይመለስላት፣ ቤተሰቦቿንም ይቅርታ ጠይቁልኝ አለ። ተቅዋ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወለሉን ታይ ነበር። ከዚያ ሰላህ በሩ ላይ እንደቆመች ያለችውን ሚስቱን አየ፤ ከእጇ የሚንጠባጠበው ውኃ ደርቋል። ለሐጂ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ሐጂ፣ ዛሬ እናንተ ዞር በሉልን።»

በሕይወታቸው ስንቱን ዞር ያሉ ሽማግሌዎች እንደዚያ ተብለው አያውቁም። ተያዩ። ሐጂ በመጀመሪያ በትክክል የሰሙ አልመሰላቸውም፤ ከዚያ ከዘራቸውን ፈለጉ። ሁሉም በየተራ ወጡ። ሰሚሐ ለማሳለፍ ገለል አለች፤ ወንድሟ በአጠገቧ ሲያልፍ አላየችውም። ከኋላቸው በሩን ራሷ ዘጋችው።

አኒስ ሐጂን ክንዳቸውን ይዞ በረንዳው ላይ አስቀመጣቸው። ዕቃ የሚያጥቡት ሴቶች የጮኸውን አንድ በአንድ ሰምተዋል። አንዷም ቀና ብላ አላየችውም። አጎንብሰው ትሪውን ማሸት ቀጠሉ፤ አንዷ ስለ ሳሙናው ጮክ ብላ አወራች፣ ሌላዋም መለሰችላት፤ ያልሰሙ መሰሉ። በሐይቁ ዳር ማንም ለእኅቱ ያላደረገላትን እነዚህ ለእሱ አደረጉለት። ፊቱን የሚያደርግበት ጠፋው።

ከውስጥ ምንም አልተሰማም። ቆዩ።

«ምን ይላሉ?» አሉ ሐጂ።

«አይሰማም ሐጂ።»

«ለእኔ ነው ወይስ ለሁላችሁም?»

«ለሁላችንም።»

ሐጂ ሙሔ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። «ደግ» አሉ።